ሆዳምነትና «በቃኝ» ማለት፦ በሥጋ፣ በኅሊናና በማኅበር ላይ ስለሚደርሰው ጉዳት



 የመረጥሁት ርእስ ሆዳምነት ነው። ርእሱ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ከተለጠፈ ጀምሮ ብዙዎች ፈገግ እያሉ ጠይቀውኛል። ስለ ስርቆት ወይም ስለ ሐሰት ምስክርነት እናገራለሁ ብል ኖሮ ፈገግ የሚል አልነበረም። ሆዳምነት ግን የሚያስቅ፣ ቢበዛ የሚያሳፍር ጉድለት እንጂ የሚያስፈራ ጥፋት ሆኖ አይታየንም። የዛሬው ንግግሬ ዓላማ ሊያስፈራን የሚገባው ለምን እንደ ሆነ ማስረዳት ነው።

እኔ በሙያዬ የሰውነትን አሠራር የማስተምር ነኝ። ስለዚህ ከጨጓራ፣ ከጉበትና ከደም ሥር ብጀምር ይቀናኝ ነበር። ነገር ግን በቅድሚያ ቃሉን ካላጠራነው ስለ ጉዳቱ የምንናገረው ሁሉ ይደበላለቃል። በተለይም ወፍራሙን ሁሉ ሆዳም፣ ቀጭኑን ሁሉ ልከኛ ወደ ማለት ፍርደ ገምድልነት እንወድቃለን። ስለዚህ ከቃሉ ልነሣ።

ቃሉ ምን ይላል?

አማርኛ ለሆድ ሰፊ ስፍራ ሰጥቶታል። ስናዝን ሆዳችን ይብሰዋል፤ ስንራራ ሆዳችን ይባባል፤ ምሥጢር የምንሰውረውም በሆዳችን ነው። በደልን ችሎ የሚያልፈውን ሰው «ሆደ ሰፊ» እንለዋለን፤ ይህ ምስጋና ነው። ሆዱን በምግብ ብቻ የሚያሰፋውን ደግሞ «ሆዳም» እንለዋለን፤ ይህ ስድብ ነው። እንግዲህ በቋንቋችን አስተሳሰብ ሆድ የሚመሰገነው ለሌላው ሰው ስፍራ ሲኖረው ነው፤ የሚነቀፈውም ከራሱ በቀር ለማንም ስፍራ ሲያጣ ነው።

ከዚህም አልፎ «ሆዳም» የሚለው ቃል ከማዕድ ተነሥቶ ወደ አደባባይ ወጥቷል። ለጥቅሙ ሲል ወገኑን የሚሸጥ፣ ለሹመት ሲል እውነትን የሚክድ ሰው በምግብ ረገድ የቱንም ያህል ቁጥብ ቢሆን ሆዳም ይባላል። የሕዝብን ገንዘብ የመዘበረ ሹም «በላ» ይባላል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረትና ምሳሌም ይህንኑ አስተሳሰብ ሳይሸሽግ ይናገራል። «ጥጋብ» የሚለውን ቃል ደግሞ ተመልከቱ፤ በአንድ በኩል የሆድን መሙላት፣ በሌላ በኩል ትዕቢትንና ማን አለብኝነትን ይገልጻል። አማርኛ በመብላትና በመዝረፍ፣ በመጥገብና በመታበይ መካከል ድልድይ ዘርግቷል። ድልድዩ በከንቱ የተዘረጋ አለመሆኑን ወደ ኋላ አሳያለሁ።

የጥንት ሊቃውንት ምን አስተዋሉ?

አርስቶትል በሥነ ምግባር መጽሐፉ ልከኝነትን ሲመረምር አንድ በላተኛን በምሳሌነት ያነሣል። ይህ ሰው ጉሮሮው ከረጅም አንገተኛ ወፍ ጉሮሮ ይልቅ እንዲረዝምለት የተመኘ ነው። ልብ በሉ፤ የተመኘው ሰፊ ሆድ አይደለም፣ ረጅም ጉሮሮ ነው። የሚፈልገው መጥገብን ሳይሆን የመዋጥን ደስታ ነው። ደስታው ከሰውነቱ ፍላጎት ተነጥሎ ለብቻው እንዲቆም ይሻል።

በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን በግብፅ በረሃ የኖረው መነኩሴ ኤቫግሪዮስ የሰውን ልብ የሚፈታተኑትን አሳቦች ስምንት አድርጎ ሲዘረዝር ሆዳምነትን በመጀመሪያው ስፍራ አኖረው። የሚያስገርመው ግን አገላለጹ ነው። ኤቫግሪዮስ የተትረፈረፈ ግብዣ አይሥልም። የሚሥለው ስለ ጨጓራው፣ ስለ ጉበቱ፣ ሊመጣበት ስለሚችል ረጅም በሽታና ስለ ችግር ቀን እየተጨነቀ ተጋድሎውን ለመተው የሚያስብ መነኩሴን ነው። በእርሱ አስተያየት የሆዳምነት ሥር ደስታ ሳይሆን «ያልቅብኛል» የሚል ፍርሃት ነው።

የዚህን አስተያየት እውነትነት የሚያሳይ አንድ የሮም ታሪክ አለ። በንጉሠ ነገሥት ጢባርዮስ ዘመን የነበረው አፒክዩስ በምግብ ቅንጦቱ ስሙ የገነነ ባለጠጋ ነበር። ፈላስፋው ሴኔካ እንደሚተርከው ይህ ሰው አንድ መቶ ሚሊዮን ሴስተርስ ለወጥ ቤቱ ካፈሰሰ በኋላ ሀብቱን ቢያስቈጥር አሥር ሚሊዮን ብቻ እንደ ቀረው ተረዳ። አሥር ሚሊዮን ለአንድ ሮማዊ እጅግ ታላቅ ሀብት ነበር። አፒክዩስ ግን በዚህ ገንዘብ መኖር ማለት በረሃብ መሞት ነው ብሎ አስቦ መርዝ ጠጣ። ልክ ያጣ ሰው በሚበቃው ነገር መካከል ሆኖ ረሃብን ያያል ማለት ነው።

የሮሙ ጳጳስ ቀዳማዊ ጎርጎርዮስ፣ እ.ኤ.አ. ከ590 እስከ 604 በመንበሩ የነበረው፣ ሆዳምነት የሚመጣበትን መንገድ በአምስት ከፍሎታል። እነዚህም ያለ ጊዜው መብላት፣ ውድና ምርጥ ምግብ ብቻ መሻት፣ በአዘገጃጀቱ ከልክ በላይ መራቀቅ፣ ብዛቱን ከልክ ማሳለፍ፣ እንዲሁም በስግብግብነት መጐምጀት ናቸው። ከአምስቱ ብዛትን የሚመለከተው አንዱ ብቻ ነው። ጎርጎርዮስ ለመጨረሻው ዓይነት የጠቀሰው ምሳሌ ኤሳው ነው። ኤሳው ብኩርናውን የሸጠው በሰባ ሥጋ አይደለም፣ በምስር ወጥ ነው።

ይህ ምሳሌ በእኛ አገር ልዩ ትርጉም አለው፤ ምስር የጾም ምግብ ነውና። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ምእመን በዓመት 180 ያህል ቀናት ከሥጋና ከወተት ተዋጽኦ እንዲታቀብ ይታዘዛል። ነገር ግን ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ በዘይት የራሰ በያይነቱ ተቈልሎ ሲቀርብ፣ ጾሙ የምግቡን ዓይነት ለወጠ እንጂ የበላተኛውን ልብ አልነካም ይሆናል። በረመዳንም ቀኑን በጾም ያሳለፈ ሰው በአፍጥር ሰዓት የቀኑን ሁሉ በአንድ ጊዜ ለማካካስ ሲነሣ ተመሳሳይ ነገር ይደርሳል። የእስልምና ትምህርት ግን ከሆድ አንዱን ሢሶ ለምግብ፣ አንዱን ለመጠጥ፣ አንዱን ለትንፋሽ መተውን ይመክራል። ሁለቱም ሃይማኖቶች ምግብን አልነቀፉም። ያስተማሩት ልክን ነው።

ከዚህ ሁሉ በመነሣት ለዛሬው ንግግሬ የሚያገለግል አጭር ፍቺ ላቅርብ። ሆዳምነት «በቃ» የሚለውን ድምፅ ላለመስማት መለማመድ ነው። ይህ ድምፅ ከሦስት አቅጣጫ ይመጣል። ከሥጋ፣ ከኅሊናና አብሮን ከሚበላው ሰው።

የሥጋ ድምፅና ዝምታው

ባዶ ጨጓራ የተሸበሸበ ትንሽ ከረጢት ነው፤ ምግብ ሲገባበት እስከ አንድ ሊትር ተኩል ድረስ ሊለጠጥ ይችላል። ሲለጠጥ በግድግዳው ላይ ያሉ ነርቮች ለአንጎል መልእክት ይልካሉ። ምግቡ ወደ ትንሹ አንጀት ሲወርድ ደግሞ አንጀቱ ጥጋብን የሚያበሥሩ ሆርሞኖችን ወደ ደም ያፈስሳል። እ.ኤ.አ. በ1994 ጄፍሪ ፍሪድማንና ባልደረቦቹ በኒው ዮርክ ሌፕቲን የተባለውን ሆርሞን አገኙ። ይህን ሆርሞን የሚያመነጨው ራሱ ስብ ነው፤ ሰውነት ምን ያህል ስንቅ እንዳከማቸ ለአንጎል ይነግራል። እ.ኤ.አ. በ1999 ደግሞ የጃፓን ተመራማሪዎች ከጨጓራ የሚመነጨውንና ረሃብን የሚቀሰቅሰውን ግሬሊን አገኙ። ሰውነታችን ስለ ረሃብና ስለ ጥጋብ የሚነጋገርበት የራሱ ቋንቋ አለው ማለት ነው።

ይህ ቋንቋ ግን ሦስት ደካማ ጐኖች አሉት። አንደኛው መዘግየቱ ነው። የጥጋብ መልእክት ተሟልቶ እስኪደርስ ሃያ ደቂቃ ያህል ይወስዳል። በአሥር ደቂቃ ውስጥ ማዕዱን የጨረሰ ሰው የበላው መልእክቱ ሳይደርስ ነው። ሁለተኛው ያልተመጣጠነ መሆኑ ነው። የሰው ልጅ በረጅም ታሪኩ ያስጨነቀው እጦት እንጂ ትርፍ ስላልነበረ ረሃብን የሚቃወመው ሥርዓት ብርቱ፣ ትርፍን የሚቃወመው ግን ደካማ ነው። ስቡ እየጨመረ፣ ሌፕቲኑም እየበዛ ሲሄድ አንጎል መልእክቱን መስማት ያቆማል። ሦስተኛው መታለሉ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ኬቪን ሆልና ባልደረቦቹ በአሜሪካ ሃያ ጐልማሶችን በሆስፒታል አስቀምጠው ለሁለት ሳምንት በፋብሪካ እጅግ የተቀነባበረ ምግብ፣ ለሁለት ሳምንት ደግሞ ያልተቀነባበረ ምግብ አቀረቡላቸው። የሁለቱም ምግቦች ስኳር፣ ስብና ጨው ተመጣጣኝ ነበር፤ የፈለጉትን ያህል እንዲበሉም ተፈቅዶላቸው ነበር። በተቀነባበረው ምግብ ወቅት ሰዎቹ በየቀኑ 500 ያህል ካሎሪ አብልጠው በሉ፣ አንድ ኪሎ ለመሙላት ጥቂት የቀረው ክብደትም ጨመሩ። በፍጥነት የሚዋጥ ምግብ «በቃ» የሚለውን ድምፅ ይቀድመዋል።

ድምፁ በተደጋጋሚ ሲቀደም የሚከተለው ጉዳት በዝምታ የሚሠራ ነው። ጉበት በስኳር መልክ ሊያከማች የሚችለው መቶ ግራም ያህል፣ ጡንቻ ደግሞ አራት መቶ ግራም ያህል ብቻ ነው። ከዚያ የተረፈው ወደ ስብነት ይለወጣል። ስቡ በቆዳ ሥር ያለውን ማከማቻ ሲሞላ በሆድ ዕቃዎች ዙሪያና በጉበት ውስጥ ይሰፍራል። በዚህ ጊዜ የሰውነት ሕዋሳት ለኢንሱሊን ጀርባቸውን መስጠት ይጀምራሉ፤ ቆሽትም አብዝቶ በማመንጨት ለዓመታት ይታገላል። ሲደክም ሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ ይገለጣል። ከዚያም የዓይን፣ የኩላሊት፣ የነርቭና የልብ ጉዳት ይከተላል። ሥጋና አልኮል የሚበዛበት ማዕድ ዩሪክ አሲድን ጨምሮ ሪህን ይቀሰቅሳል፤ ጥሬ ሥጋን ሳይመረምሩ መቍረጥ ደግሞ አባቶቻችን ኮሶ እየጠጡ የታገሉትን ትል ያመጣል።

የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው እ.ኤ.አ. በ2022 ከመጠን ያለፈ ክብደት የነበራቸው ጐልማሶች ሁለት ቢሊዮን ተኩል ነበሩ፤ ከእነርሱም 890 ሚሊዮኑ ከባድ ውፍረት ላይ ደርሰው ነበር። ይህ ችግር የሀብታም አገሮች ብቻ አይደለም። በከተሞቻችን የመቀንጨርና የስኳር በሽታ በአንድ ሰፈር፣ አንዳንዴም በአንድ ቤት ይገናኛሉ።

በእኛ ዘንድ ደግሞ የታወቀ የቀን መቍጠሪያ ያለው ጉዳት አለ። ሃምሳ አምስት ቀን ከሥጋና ከወተት ተዋጽኦ የራቀ ሰውነት በፋሲካ ሌሊት በድንገት ዶሮ ወጥ፣ ክትፎና ጠላ ይጐርፍበታል። ቅባት ወደ አንጀት ሲገባ የሐሞት ከረጢት ይጨመቃል፤ ጠጠር ያለበት ሰው በዚያች ሌሊት ብርቱ ሕመም ሊይዘው ይችላል። የስኳርና የደም ግፊት ሕሙማንም ከበዓል ማግስት ይናወጣሉ። በዓሉ ደስታ ነው፤ ደስታን የማጣጣም ጥበብ ግን ቀስ ማለትን ይጠይቃል።

ተጠያቂው ማን ነው?

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ተቃውሞ ይነሣል። ረሃብና ጥጋብ በሆርሞን የሚመሩ ከሆኑ ሰውን በሆዳምነት መውቀስ ፍትሐዊ ነውን? ተቃውሞው ክብደት አለው። ሌፕቲን የማመንጨት ችሎታ ሳይኖራቸው የሚወለዱ ጥቂት ሕፃናት አሉ። እነዚህ ልጆች ቢበሉም አይጠግቡም፤ ሆርሞኑ በመርፌ ሲሰጣቸው ግን ያ ማብቂያ የሌለው ረሃባቸው ይበርዳል። ማንም ጤናማ አእምሮ ያለው ሰው እነዚህን ልጆች ሆዳም ብሎ አይሰድብም። የዘር ውርስ፣ መድኃኒት፣ የእንቅልፍ እጦት፣ ርካሽ ዘይትና ስኳር በቀር ሌላ ለመግዛት የማያስችል ድህነት፣ እነዚህ ሁሉ ሰውን ያወፍራሉ። ስለዚህ የሰውን ገላ አይቶ በጠባዩ ላይ መፍረድ በሕክምናም በሥነ ምግባርም ዘንድ ስሕተት ነው።

ይሁን እንጂ ይህ እውነት ጥያቄውን አይዘጋውም፤ ስፍራውን ያዛውረዋል እንጂ። ረሃቤን አልመርጥም። የምበላበትን ፍጥነት፣ ሰዓት፣ ከማን ጋር እንደምቀመጥና ከፊቴ ምን እንደማስቀምጥ ግን በአብዛኛው እመርጣለሁ። ሌሎች የሚበሉበትን ሁኔታ የሚወስን ሥልጣን ካለኝ ደግሞ ተጠያቂነቴ ይበዛል። ለሕፃናት ለስላሳ መጠጥ የሚያስተዋውቅ ነጋዴ፣ የትምህርት ቤት ምሳ የሚመድብ ሹም፣ ለእንግዳ «ብላ፣ በሞቴ» እያለ ካልጨረስህ አትነሣም የሚል ጋባዥ፣ ሁሉም በሌላው ሰው «በቃኝ» ላይ እጃቸው አለበት።

ማዕድና ማኅበር

አሁን ወደ ዘረጋሁት ድልድይ ልመለስ። በ1965 ዓ.ም. በወሎና በትግራይ ረሃብ ሰውን ሲጨርስ የመንግሥቱ ሹማምንት ነገሩን ለመሸፈን ሞከሩ። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ያዘጋጀው ፊልም የረሃቡን እውነት ለዓለም ገለጠ። በመስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት ደርግ ይህንኑ ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብር ምስሎች ጋር አፈራርቆ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አሳየ። በማግሥቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው ወረዱ። ደርግ የመረጠው መሣሪያ የክስ ሰነድ ወይም የበጀት መዝገብ አልነበረም። ጠግቦ የሚበላ ሰውና በረሃብ የሚሞት ሰው ጐን ለጐን የታዩበት ምስል ነበር። ያን ምስል ለመረዳት ማንም ማብራሪያ አላስፈለገውም።

ከአሥር ዓመት በኋላ የሆነው ግን ትምህርቱን የመረረ ያደርገዋል። በመስከረም 1977 ዓ.ም. የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በአዲስ አበባ በታላቅ ድግስና ሰልፍ ተከበረ፤ የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ ምሥረታም በዚያው ሰሞን ታወጀ። ሰሜኑ የአገሪቱ ክፍል በዚያን ጊዜ ይረግፍ ነበር። ድግሱ ካበቃ ከስድስት ሳምንት ገደማ በኋላ፣ በጥቅምት 13 ቀን፣ የቢቢሲው ማይክል በርክ ከኮረም የላከው ዘገባ ዓለምን አናወጠ። የሌላውን ግብር በመረሸን መሣሪያነት የተጠቀመው መንግሥት ራሱ በተመሳሳይ ማዕድ ላይ ተቀመጠ።

በድግሱ የተበላው ምግብ ለተራቡት ቢሰጥ ረሃቡን ያቆም ነበር የምል አይደለሁም፤ የረሃብ ምክንያት ከዚያ የሰፋ ነው። ለማለት የፈለግሁት ሌላ ነው። ጥጋብ የመመልከትን ችሎታ ይጎዳል። ዘወትር ሞልቶ የሚውል ሰው ረሃብን በስሌት እንጂ በሥጋው አያውቀውም፤ ቀስ በቀስም ዜናው ከእርሱ ይርቃል። ቋንቋችን የሆድን መሙላትና ትዕቢትን በአንድ «ጥጋብ» የጠራቸው ስለዚህ ይመስለኛል። የሆዳምነት ትልቁ የሥነ ምግባር አደጋም ይህ ነው፤ ሌላው ሰው ከዓይናችን ይጠፋል።

በአንጻሩ የጋራ መሶብ ይህን አደጋ ለመከላከል የተሠራ ትምህርት ቤት ነበር። ከአንድ ትሪ የሚበሉ ሰዎች እየቈረሱ ይጠባበቃሉ። የሚጣደፈው ሰው ይታያል፤ ሥጋውን ወደ ራሱ የሚስበው ይታዘቡታል። ታላቅ ለታናሽ፣ ባለቤት ለእንግዳ ያጐርሳል፤ የመጨረሻዋን ቍራሽም ሁሉም ይግደረደርባታል። ያ የሚዘገይ የሥጋ መልእክት በወግና በይሉኝታ ጊዜ ያገኝ ነበር። ወጉ የራሱ ጉድለት አለው፤ በብዙ ቤት ሴቶችና ሕፃናት የሚደርሳቸው የተረፈው ነበር፤ ይህን ልናወድሰው አንችልም። ከእርሱ የምንወርሰው ግን በሌላው ሰው ፊት ራስን መመጠንን ነው።

ይህ ጉዳይ ከእኛ ከምሁራኑ ግቢ ውጭ አይደለም። በየዐውደ ጥናቱ በሰሃን ላይ ሥጋ በሥጋ እንቈልልና ግማሹን ትተን ስለ ምግብ ዋስትና ለመወያየት ወደ አዳራሽ እንመለሳለን። አስተናጋጁ የተረፈውን ሲሰበስብ ያያል። በዚያው ቀን ቍርስ ሳይበላ ክፍል የገባ ተማሪ አለ። ሰሃናችን የምናቀርበውን ጥናት ሊያስተባብል ይችላል።

ምን እናድርግ?

ምክሬ ቀላል ነው። ቀስ ብለን እንብላ፤ ቢያንስ ለሥጋችን መልእክት ሃያ ደቂቃ እንስጠው። ከተቻለ ከሰው ጋር፣ ከአንድ ትሪ እንብላ። ከመጾም ማግስት ገላችንን ቀስ በቀስ እንመልሰው። ጾምንም ከጥንት ጓደኛው ከምጽዋት አንለየው፤ በረመዳን ፍጻሜ የሚሰጠው ዘካም ሆነ ጦመኛው ከምሳው ቀንሶ ለነዳያን የሚሰጠው ድርሻ አንድ ነገር ያስተምራሉ። እኔ የተውሁት ለሌላው ካልደረሰ ትርፉ ያንሳል። እንግዳችን «በቃኝ» ሲል እንመነው። በተቋሞቻችንም የግብዣውን በጀት የሚወስን ሰው በዚያ ገንዘብ ስንት የተማሪ ምሳ እንደሚሸፈን አስቀድሞ ያስላ።

«በቃኝ» የሚለው ቃል የእጦት ቃል ይመስለናል። አፒክዩስ በአሥር ሚሊዮን መካከል ሊለው ያልቻለው ቃል ግን ይህ ነበር፤ ስላልቻለም ባለጠግነቱ አላዳነውም። በቃኝ ማለት የሚችል ሰው ያለውን ይቈጥራል፣ ጐረቤቱን ያያል፣ የሥጋውንም ድምፅ ይሰማል። ይህን ቃል ማንም ሊናገርልን አይችልም፤ በየማዕዱ እኛው ልንለማመደው ይገባል።